በበረቱ የቀረ ምርቃት

ያን ቀን ጠዋት ልጅቷ እንደ ወትሮው ከሁሉም ቀድማ ተነሣች። ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ አበሰች፤ የአባቷን አሮጌ ካፖርት ደረበች፤ ቦት ጫማዋን አጠለቀችና ለብ ያለ ውሃ በባልዲ ይዛ ግቢውን አቋረጠች። የበረቱን በር ስትገፋው ላሞቹ አንገታቸውን አዞሩ። በየግርግሙ ድርቆሽ በተነች፤ እበቱን በአካፋ ጠርጋ ወደ ጓሮ ገፋች፤ ከዚያ በርጩማዋን ስባ ከወይዘሮ ጎን ተቀመጠች።

ወይዘሮ ላም ናት። ስሙን ያወጡላት የልጅቷ አባት ናቸው፤ ሲጠሯት ዞር ለማለት የምትኮራ፣ ያላመነችው ሰው ሲያልባት ወተቷን የምትይዝ፣ ካልደላት የምትራገጥ ላም ስለሆነች። ግቷን በለብ ውሃ አጠበችላት፤ በንጹሕ ጨርቅ አደረቀችላት፤ ግንባሯን የላሟ ጎን ላይ አስደግፋ ማለብ ጀመረች። መጀመሪያ ወተቱ የባልዲውን ቂጥ ሲመታ ድምፁ ይሰላል። ባልዲው እየሞላ ሲሄድ እየወፈረ፣ እየለሰለሰ ይመጣል።

ይህን ልዩነት ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማው ኖራ ልብ ብላው አታውቅም። ልብ ያስባላት አንድ ሰው ነው። ያ ሰው አሁን በበሩ በኩል ሹልክ ብሎ ገብቶ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ። ጆሮው ላይ ትልቅ ማዳመጫ አድርጓል፤ በእጁ ረጅም ዘንግ ይዟል፤ በዘንጉ ጫፍ ፀጉራም ሽፋን የለበሰ ማይክ አለ። አባቷ «እንጨት ላይ የወጣች ድመት» ይሉታል። ሰውየውን ደግሞ «ጆሮ»። እርሻው ላይ የሚሠራው ፊልም ድምፅ ቀጂ ስለሆነ የወጣለት ስም ነው፤ አሁን የገዛ ባልደረቦቹም በሌላ አይጠሩትም።

እሷ ዘወር ብላ አላየችውም። እሱም ደህና አደርሽ አላለም፤ ሲቀርጽ አይናገርም። ግን እጇ ሳታዘው ፍጥነቱን ሲቀንስ ተሰማት፤ ወተቱ ቶሎ እንዳያልቅ የፈለገች ይመስል።

እርሻው ሊሄድ ነው። አያቷ ለሦስት ልጆች ያወረሱት መሬት ነበር፤ አባቷ ሲያርሱበትና ከብት ሲያረቡበት ኖሩ፣ ሁለቱ አጎቶቿ ደግሞ ከተማ ኖሩ። ባለፈው ክረምት አጎቶቹ ድርሻችን ይለይልን አሉ። ከሦስት የተከፈለ መሬት ላም አያሰማራም፤ ስለዚህ መሬቱ ሙሉውን መጋዘን ሊሠራበት ለሚፈልግ ድርጅት ተሸጠ። ርክክቡ ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት አንዲት ዳይሬክተር በሁለት ያረጁ መኪኖች ጥቂት ሰዎች ጭና መጣች። እርሻውን ስለሚያጣ ቤተሰብ፣ ሳቅም ልቅሶም ያለበት ፊልም በራሷ አቅም ልትሠራ ነበር የመጣችው። ከመፍረሱ በፊት ግቢውን አከራዩኝ አለች። አባቷ ታሪኩን ተቀብለው አነበቡና፣ «ይሄማ እኔው ነኝ፤ የሚለየን የሰውየው ጺም ብቻ ነው» አሉ።

እውነትም እሳቸው ሆኑ። የገበሬውን ቦታ ሊጫወት የመጣውን ተዋናይ ወይዘሮ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጉልበቱን በርግጫ አለችውና በመጣበት መኪና ተጭኖ ተመለሰ። ዳይሬክተሯ ግራ ቀኝ ብታይ ሌላ ገበሬ አጣች። «ጋሼ፣ ራስዎን ይሁኑልኝ» አለቻቸው። አባቷም፣ «ሌላማ መሆን መች እችላለሁ» ብለው ገቡበት። ልጅቷን የምትጫወተው ተዋናይት ደግሞ ቆንጆ ናት፣ ጎበዝም ናት፣ ግን ጥፍሯ ረጅም ነው፤ ወይዘሮም አትወዳትም። ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ ያለችው ልጅ ፊቷ የተዋናይቷ፣ የምታልበው እጇ የእውነተኛዋ ልጅ ሆነ።

ከጆሮ ጋር የተያዩት በዝምታ ነው። እያንዳንዱ ቀረጻ ሲያልቅ እጁን ያነሣና «ጸጥታ» ይላል፤ ሁሉም ባለበት ይቆማል፤ እሱ የክፍሉን ባዶ ድምፅ ይቀርጻል። ባዶ ቤትም የራሱ ድምፅ አለው፣ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም ብሏታል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ማሳል አይቻልም፣ እግር ማንሣት አይቻልም፣ ወንበር ማንቋቋት አይቻልም። ዓይን ግን ድምፅ የለውም። በኩሽናው፣ በሳሎኑ፣ በበረቱ፣ ሁሉም ሰው እንደ ሐውልት ቆሞ ሳለ የሁለቱ ዓይን ተገናኝቶ መለያየት አቃተው። አንድ ቀን ማዳመጫውን አውልቆ ጆሮዋ ላይ አደረገላት፤ የራሷን እጅና የወተቱን ድምፅ አሰማት። «ይሄ አንቺ ነሽ» አላት። ከዚያ በፊት ማንም አንቺ ነሽ ብሎ ያሳያት ነገር አልነበረም።

ይሁንና ልቧን ሙሉ በሙሉ አልጣለችበትም። ካሜራ ያዡ ምሳ ላይ፣ «ጆሮ፣ ወተት አላቢ አግብተህ እዚሁ ልትቀር ነው እንዴ?» ሲለው ሰምታለች። ጆሮ ዳቦውን እያኘከ ዝም ብሎ ነበር። ያ ዝምታ እንደ እሾህ ውስጧ ቀርቷል። የሰው አፍ ደግሞ አያርፍም፤ ፊልም ሠሪ እንደ በጋ ደመና ነው፣ ያጠላል እንጂ አይዘንብም ሲሉ ነበር ጎረቤቶች። እሷም እውነቱን ለራሷ ነግራዋለች። እሱ የተማረ የከተማ ልጅ ነው፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ። እሷ አራት ላም አስቀርታለች፤ ከኮረብታው ጥግ በረት ያለው ትንሽ ቤት ተከራይታለች፤ አባቷን ይዛ ትገባበታለች። ቁርጥ ያለ ነገር ነው። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ሥራው አልቆ ነገ ሲሄድ አብሮት የሚሄደውን ነገር ትችለዋለች ወይ?

ባልዲው ሞላ። ቀና ስትል ጆሮ እያያት ነበር። የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ከዚያ መልሶ ዘጋው። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው። «በኋላ እናወራለን?» አላት በመጨረሻ።

«ጊዜ ካለህ» አለችው። ከአፏ የወጣው ከፈለገችው ይልቅ ቀዝቃዛ ሆነ። እሱ ሲወጣ የበረቱ ሙቀት አብሮት የወጣ መሰላት።

የፊልሙ ሰዎች ሻይ የሚጠጡት በወጠሩት ሸራ ጥላ ሥር ነው። ዳይሬክተሯ ገና ስታያት ወንበር ሳበችላት። ፊቷ በርቷል። አባቷ ይችን ሴት «እንደገና» ብለው ነው የሚጠሯት፤ በቀን ከምትናገረው ቃል ግማሹ እሱ ስለሆነ።

«ነይ እስቲ የኔ እህት፣ ቁጭ በይ። ትናንት አባትሽ ምን እንዳደረጉ ሰምተሻል?»

«ምን አደረጉ?»

«ቀረጻው አልቆ እኛ ዕቃ ስንሰበስብ ደረታቸው ላይ የምንሰካላቸውን ትንሽ ማይክ ረስተው በረት ገቡ። ብቻቸውን። ከዚያ ያወሩ ጀመር። ከማን ጋር ቢሆን ጥሩ ነው? ከእናትሽ ጋር።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ ጫፉን ነው የሰማሁት፤ ስልክ ተደውሎልኝ ማዳመጫዬን አወለቅኩ። ግን ያቺው ጫፏ… ዓመት ቁጭ ብዬ ብጽፍ አላመጣትም። የፊልሜ መጨረሻ ተገኘ እልሻለሁ።»

«አባባ ያውቃሉ?»

«አሁን ብነግራቸው ይጨነቁብኛል። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ እነግራቸዋለሁ።»

«ድምፁ ማን ጋ ነው?»

«ጆሮ ጋ ነዋ። ሲቀዳው ነበር ሙሉውን።»

ሻዩን ሳትቀምሰው አስቀመጠችው። እናቷ የሞተች ዕለት አባቷ ሰው ፊት አላለቀሱም። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ሲያለቅስ እሳቸው ላም ላጠጣ ብለው ተነሥተው ሄዱ፤ ሰውም ልበ ደረቅ አላቸው። እሷ ግን በበረቱ ግድግዳ ስንጥቅ አይታቸው ነበር። አይታም ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለእሳቸውም ጭምር። ያ በረት የአባቷ ጓዳ ነው። ጓዳቸውን አሁን ሰው በሽቦ ገብቶበታል። የገባውም ሌላ አይደለም፣ እሱ ነው።

ጆሮ ዕቃውን የሚያኖረው በድሮው የመኖ መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ላይ ስትቆም ሽቦ እየጠቀለለ ነበር። ፊቷን አይቶ ሽቦውን ለቀቀው።

«ሰምተኸዋል?» አለችው።

ምኑን ብሎ አልጠየቀም። «አዎ።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«አንድ ሽማግሌ ብቻውን መስሎት ሲያለቅስ ቁጭ ብለህ ሰማኸው።»

«መጀመሪያ ማይኩን ላወልቅላቸው ተነሥቼ ነበር። በሩ ጋ ስደርስ…» አለና አቋረጠ። «ስሚ፣ እባክሽ። ከመቆጣትሽ በፊት አንድ ጊዜ አዳምጪው። እዚሁ ነው ያለው።»

«አልሰማም።»

«ለአንቺ የሚሆን ነገር አለበት።»

«ለእኔ የሚሆነውን አባቴ አፍ አላቸው፣ ይነግሩኛል። ያልነገሩኝን ከሽቦ ሰርቄ አልሰማም።»

«እሺ፣ እሳቸውን ጠይቂያቸው።»

«ምን ብዬ? ‹አባባ፣ ሲያለቅሱ ሰማንዎት፤ በጣም ያምርብዎታል፤ ሰው ገዝቶ ሊያይዎት ነው› ልበላቸው?» ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባች። «እኛ እርሻችን ሲሄድብን እናንተ ትቀርጻላችሁ። ስንስቅም ትቀርጻላችሁ፣ ስንወድቅም ትቀርጻላችሁ። ይሁን፣ ተከራይታችሁታል። በረቱን ግን አላከራየንም። ያቺን ሰዓት አላከራየንም። አጥፋው።»

ከውጭ ካሜራ ያዡ ሲስቅ ይሰማል።

«ከጠፋ አይመለስም» አለ ጆሮ። «ገና ወደ ሌላ ቦታ አልገለበጥኩትም። ያለው እዚህ ብቻ ነው።»

«ጥሩ ነዋ። አጥፋው።»

«ምን እንዳለበት ሳታውቂ?»

«የአባቴ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይበቃኛል።»

መቅረጫውን አነሣ። ጣቱ ቁልፉ ላይ አረፈ፤ እዚያው ቆመ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ የማይተካ ነገር ከእጁ እንደሚወሰድበት ሰው። እሷ ለፊልሙ መሰላት። ሙያው ከእሷ የበለጠበት መሰላት። ልቧ ደነደነ። ከዚያ ጣቱ ወረደ። መቅረጫውን ገልብጦ አሳያት፤ የትናንቱ የበረት ቅጂ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው።

«ይኸው» አለ።

ያሸነፈች መስሏት ነበር የወጣችው። ግቢው መሐል ስትደርስ ግን እግሯ ከበደ። ብዙ ሳይከራከር አደረገላት። ይህ ከክርክር ይልቅ ለምን እንዳስፈራት አላወቀችም።

ወሬ ክንፍ አለው። የመጨረሻው ትዕይንት ሊቀረጽ ሰው ሁሉ ከበረቱ ፊት ሲሰባሰብ ዳይሬክተሯ ከመጋዘኑ በኩል ፊቷ ደም መስሎ መጣች። ጆሮ ራሱ ነግሯታል። ማን አጥፋ እንዳለው ግን አልነገራትም፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብቻ ነው ያላት። ዕቃህን ሰብስብ አለችው። እሱም ሰበሰበ። በዋናው መንገድ የሚያልፈውን አውቶቡስ ሊጠብቅ ሄዷል።

ልጅቷ የተዋናይቷን ሸሚዝ ለብሳ፣ የተዋናይቷን አምባር አድርጋ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እጇ ሊቀረጽ ነው። ይህን ስትሰማ አምባሩን ማሽከርከር ጀመረች።

አባቷ የፊልሙን ካፖርት ለብሰው መጡ። ካፖርቱ አዲስ ነው፤ የእሳቸውን እንዲመስል ልብስ አዘጋጇ ሙሉ ቀን በሻይ ቅጠል ስትቀባውና በድንጋይ ስትፈትገው ነው የዋለችው። «አርጅቼ እንኳ በሰው ወጪ» ይላሉ ሲለብሱት። አሁን ግን አልቀለዱም።

«ያ ልጅ የት ሄደ?»

«ከሥራው ተሰናበተ» አለች ልጅቷ።

«በምን?»

«አባባ፣ ተዉት አሁን። ካለቀ በኋላ እነግርዎታለሁ።»

«እኔ በሕይወቴ ‹ካለቀ በኋላ› ያሉኝን ነገር ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው የሰማሁት» አሉ። «አሁን ንገሪኝ።»

ነገረቻቸው። መሬት መሬቱን እያየች፣ የሚያሳፍራቸውን ቃል እየዘለለች ነገረቻቸው። ማይኩን እንደረሱት፣ እንደተቀዳ፣ ለፊልሙ ሊውል እንደነበር፣ እንደጠፋ።

«ማነው አጥፋው ያለው?»

«እኔ።»

አባቷ ቀስ ብለው ግርግሙ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ ልታሸታቸው አንገቷን ዘረጋች፤ በክርናቸው ገፋ አደረጓት።

«ረስቼው መሰለሽ?» አሉ።

«እና…?»

«ይችን ጉድ ስንት ቀን ደረቴ ላይ ተሸክሜያት ስሄድ ቀይ መብራቷ ስትበራ አላይም? ዓይኔ ደክሟል እንጂ መች ጠፋ። ሽንት ቤት ስገባ ማጥፋት የማልረሳ ሰው በረት ስገባ እረሳለሁ?»

ቀና ብላ አየቻቸው። የሚሉትን ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት።

«ለዚያ ልጅ ነው የተናገርኩት» አሉ። «እኔ ዕውር አይደለሁም። እሱ ሲያይሽ አያለሁ፣ አንቺም ስታይው አያለሁ። ፊት ለፊት ጠርቼ ላናግረው ብል መሬቱ ሲሄድበት ልጁን አሸከመኝ ይላል። አንቺን ላናግርሽ ብል ‹እኔ ከእርስዎ ተለይቼ የትም አልሄድም› ትያለሽ፤ ከዚያ ወሬው እዚያው ይሞታል። አንቺና እኔ መቼ ነው ተቀምጠን ያወራነው? ስለ ላም ካልሆነ በቀር።» አፋቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ስለዚህ ገባሁና እናትሽን አማከርኳት። እሱ እየሰማ እንደሆነ አውቃለሁ። አማከርኳት፣ ከዚያ መረቅኩ። የሚሰማት ሰው አግኝታለች አልኳት። እርሻው ሲሄድ ልጃችን አብራ እንዳትሄድብን አልኳት። ሌላም ብዙ ነገር አልኩ።»

«ምን አሉ፣ አባባ? ይንገሩኝ። አሁን እሰማለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንድ ጊዜ ከወጣ ወጣ። አሁን ብደግመው ትወና ነው የሚሆነው።»

እሷ ከበርጩማው ተነሣች። መጋዘኑ ውስጥ ያ ጣት ቁልፉ ላይ ቆሞ የቆየበት ጊዜ አሁን ዓይኗ ላይ ድቅን አለ። ለፊልሙ አልነበረም። ምርቃቱን ነበር የያዘው። የራሱን ምርቃት፣ አባቷ የሰጡትን፤ አንድ ቃል ብሎ ሊያድነው የሚችለውን። እሷ አልሰማም ስላለች ብቻ በገዛ እጁ ደመሰሰው።

ዳይሬክተሯ በሩ ላይ ብቅ አለች። «ዝግጁ ነን፤ ፀሐይዋ ልትሄድብን ነው።»

«እኔ እሄዳለሁ» አለች ልጅቷ።

«የት? እጅሽን ልንቀርጽ እኮ ነው።»

«እጄም አብሮኝ ይሄዳል።»

ዳይሬክተሯ ወደ አባቷ ዞረች። «ጋሼ፣ ይንገሯት እንጂ።»

«እንደገና» አሉ አባቷ ባወጡላት ስም ጠርተው፣ በእርጋታ፣ «የአንቺ ነገር ሁሉ ይደገማል። የሷ ዛሬ አንድ ጊዜ ናት። ልቀቂያት።»

ወደ ዋናው መንገድ የሚወስደው የእግር መንገድ አጥሩን ይዞ ይወርዳል። አልሮጠችም፤ የምትሮጥ ሴት አይደለችም። ግን አንድም ጊዜ አልቆመችም። የምትለውን እያሰበች ነበር፤ ይቅርታ እንደምትጠይቅ፣ ቀጥሎ ምን እንደምትል። የመንገዱ ጥግ ስትደርስ ያሰበችው ሁሉ ጠፋት። ጆሮ በዕቃ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ። ሲያያት ተነሣ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

ገባው። ከፊቷ አነበበው። «አልሰማም አልሽኛ።»

«ምርቃት ነው ብትለኝ እሰማ ነበር።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው ያልነገርኩሽ።»

«እንዴት ያለ መልስ ነው ይሄ?»

ሣጥኑን በእግሩ ገፋ አደረገ፤ የሚለውን ቃል እየፈለገ። «ብነግርሽ ምን እሆናለሁ? አባትሽ ፈቅደውልኛል፣ ይኸው ድምፃቸው ብዬ ማስረጃ አምጥቼ የምጠይቅሽ ሰው እሆናለሁ። እሳቸውን እምቢ ማለት አትችዪም። እሺ ብትዪኝ እንኳ እሺ ያልሽው ለእሳቸው ይሁን ለእኔ ዕድሜ ልኬን አላውቅም። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ነበር። ጠዋት የራሴን ልብ ልነግርሽ መጣሁ፤ ጊዜ ካለህ አልሽኝ።»

«ጓደኛህ ወተት አላቢ ልታገባ ነው ሲልህ ዝም ያልከውስ?»

ግራ ተጋብቶ አያት። «ያኔ? ምን ልመልስለት? አዎ ልለው ነበር፤ ከዚያ ገና አንቺን እንዳልጠየቅኩሽ ትዝ አለኝ። ከአንቺ በፊት እሱ መስማት አልነበረበትም።»

ስንት ቀን የተሸከመችው እሾህ ነበር። እንዲህ በቀላሉ ሲወጣ ቦታው ይበልጥ አመማት። ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች፤ እንባዋን በተዋናይቷ ሸሚዝ እጅጌ ጠረገች።

«ይቅርታ የምጠይቅህ ሁለት ነገር ነው» አለች። «ስላላመንኩህ። ደግሞ የአንተ የሆነውን ስላስጠፋሁብህ።»

«አንቺም ያጣሽው አለ» አላት ቀስ ብሎ። «በስሟ ነበር የጠሯት። እናትሽን። ደጋግመው።»

እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ስሟ ተጠርቶ አያውቅም። «እናትሽ» ነው የሚሏት አባቷ፣ «እናትሽ» ብቻ። ልጅቷ መንገዱ ዳር ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እሱ አላባበላትም፤ አጠገቧ መጥቶ ቁጭ አለ፤ ትከሻዋን ሳይነካ፣ ግን ሙቀቱ እንዲደርሳት ሆኖ።

አውቶቡሱ ከሩቅ አቧራ እያስነሣ ሲመጣ ታየ።

«ስማኝ» አለችው፤ ድምፅዋ አሁን አይንቀጠቀጥም። «አባቴ የመረቁትን ተወው። ጠፍቷል፤ እንዳልነበረ ቁጠረው። አሁን የምናገረው እኔ ነኝ። እኔ ከተማ አልገባም። አራት ላም አለኝ፣ አባት አለኝ፣ ከኮረብታው ጥግ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት አለኝ። አንተ ሥራህ በየአገሩ ነው፤ ተቀመጥ አልልህም። መሄድህን አልፈራም፣ የምትመለስበትን ነው ማወቅ የምፈልገው። ከፈለግክ የምትመለስበት ያ ቤት ይሁን። ካልፈለግክ አውቶቡሱ ይኸው ደርሷል። ማናችንም አንሞትም።»

ጆሮ ማዳመጫውን ከአንገቱ አውልቆ ሣጥኑ ላይ አስቀመጠው። «ላም ማለብ አልችልም» አለ።

«ያ ተዋናይም አይችልም ነበር።»

«እሱን እኮ ጉልበቱን አለችው።»

«አንተንም ትልሃለች። ከዚያ ትለምድሃለች።»

አውቶቡሱ ፍጥነቱን ቀንሶ ቆመ። ረዳቱ በበሩ አንገቱን አውጥቶ፣ «ትሄዳላችሁ?» አለ።

«አንሄድም» አለ ጆሮ። እያያት ነበር የተናገረው። እሷ ያን ጊዜ ያወቀችው ነገር ቢኖር፣ ለካ ልብ ሲያርፍም ያማል፤ ብዙ ተሸክሞ የቆየ ትከሻ ሸክሙ ሲወርድለት እንደሚያመው።

ሣጥኑን በሁለት በኩል ይዘው የእግር መንገዱን ወጡት። ዳይሬክተሯ ከሩቅ አይታቸው ምንም አላለችም፤ በጆሮ ቦታ ዘንጉን ይዞ የቆመው ሾፌር የቀዳው የራሱን ትንፋሽ ብቻ ነበርና ቁጣዋ ቶሎ በርዶ ነበር። ልጅቷ ራሷ ነገረቻት፣ ያስጠፋሁት እኔ ነኝ ብላ። ዳይሬክተሯ ረጅም ጊዜ አየቻት። «እኔም መጀመሪያ አባትሽን መጠየቅ ነበረብኝ» አለች በመጨረሻ።

የመጨረሻው ትዕይንት ተቀረጸ። ገበሬው የግቢውን ቁልፍ ለገዢው ይሰጣል፤ ከዚያ የሚናገረው ረጅም ንግግር ተጽፎለታል። አባቷ ቁልፉን ሰጡ። በበረቱ በር ላይ ቆሙ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉት። ምንም አልተናገሩም። ካሜራው ይዞራል፣ ፀሐይዋ ከጣሪያው በታች ገብታለች፣ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ጆሮ እጁን አላነሣም፣ ጸጥታ አላለም፤ ሁሉም ግን ራሱ ጸጥ ብሎ ነበር። ሲያበቃ አባቷ ዞር ብለው፣ «እንደገና?» ሲሉ ጠየቁ።

ዳይሬክተሯ ዓይኗን እየጠረገች ራሷን ነቀነቀች። «አይ ጋሼ። አንድ ይበቃል።»

ርክክቡ በቀኑ ተፈጸመ። አጥሩ ተነቀለ፤ በረቱ ፈረሰ፤ መጋዘኑ ቆመ። ከኮረብታው ጥግ ያለው ቤት ጣሪያው ተጠገነ፣ በረቱ ውስጥ አራት ላም ገባ፤ ጆሮም ጉልበቱ ላይ የወይዘሮ ማኅተም አረፈበት። ሲሄድ ይሄዳል፣ ሲመለስ ይመለሳል። አንዳንድ ቀን፣ አባቷ ደጅ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ፣ በረት ውስጥ የተባለውን ይነግራታል። የሰማውን የማይረሳ ሰው ነው፤ ቃል በቃል ይነግራታል። እሷም በቃሏ ልትይዘው ምንም አልቀራት።

አባቷ እናቷን በስሟ ሲጠሩ የተሰማበት ድምፅ ግን የለም።